ማርና የጀርም ልባስ፤ ኃይሉ በአያያዝ ጉድለት እንዳይጠፋ

በአዲስ አበባ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ፣ ኦሎምፒያ በሚባለው ሰፈር፣ ማር ከሚሸጥባቸው ሱቆች በአንደኛው ቆመን ሳለ አንዲት ወይዘሮ የስኳር በሽታ ላለባቸው እናታቸው የእግር ቁስል የሚሆን ማር ሲጠይቁ ሰማን። ማሩ ረግቶ ስለ ነበር ባለሱቁ በብረት ድስት አድርጎ በምድጃ ላይ ጣደው፤ እስኪፈላ ድረስ አቅልጦም ሰጣቸው። ወይዘሮዋ የፈለጉት የማሩን ጀርም ገዳይነት ነበር። ከዚያ ኃይል ከፍ ያለው ድርሻ ግን በምድጃው ላይ ቀርቷል። ስለዚህ አናቢውም፣ ነጋዴውም፣ ገዢውም ሊያውቁት የሚገባውን በዚህ ጽሑፍ እናቀርባለን።

የጀርም ልባስ ምንድን ነው?

የውሃ ጀሪካን ሳይታጠብ ከሰነበተ ውስጡን በጣት ሲዳብሱት ያዳልጣል። ይህ የሚያዳልጥ ነገር ባክቴሪያዎች ተሰባስበውና ከጀሪካኑ ገጽ ጋር ተጣብቀው የሠሩት ልባስ ሲሆን፣ በሳይንስ ባዮፊልም ይባላል። ባክቴሪያዎቹ ዝልግልግ ነገር አመንጭተው በውስጡ ይሸሸጋሉ። በጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ እንዲሁ ባዮፊልም ነው። ቶሎ በማይድን ቁስል ላይም ይኸው ልባስ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

በልባሱ ውስጥ የተሸሸገን ባክቴሪያ ለመግደል፣ ልቅ ሆኖ ለሚንሳፈፈው ከሚበቃው አንቲባዮቲክ አንዳንድ ጊዜ ከ100 እስከ 1,000 እጥፍ ያስፈልጋል። በመድኃኒት የታከመ ቁስል ተሻለ ከተባለ በኋላ ተመልሶ የሚያመረቅዝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ማር እንዴት ይሠራል?

የማር ኃይል ከአንድ ነገር ብቻ የሚመጣ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ከማር ክብደት 80 ከመቶ ያህሉ ስኳር በመሆኑ ከባክቴሪያው ውስጥ ውሃ ይስባል። ሁለተኛ፣ ማር አሲድነት አለው። ሦስተኛ፣ ንቦች ከአበባ በሚቀስሙት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴስ የተባለ ኢንዛይም ይጨምራሉ። ማሩ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ይህ ኢንዛይም ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የተባለውን ጀርም ገዳይ በጥቂት በጥቂቱ ያመነጫል። ከእነዚህም ሌላ ከአበባው ዓይነት የሚገኙ ንጥረ ነገሮች አሉ። ለምሳሌ የኒውዚላንዱ ማኑካ ማር ዋና ኃይል ሜቲልግላዮክሳል የተባለው ንጥረ ነገር መሆኑ በ2008 እ.ኤ.አ. ታውቋል።

ማር ባክቴሪያዎቹ ከገጽ ጋር እንዳይጣበቁ፣ በኬሚካል ምልክትም እርስ በርስ እንዳይላላኩ ያውካል። የተሠራ ልባስን ለማፍረስ ግን ልቅ ባክቴሪያን ለመግደል ከሚበቃው የበለጠ ወፍራም ማርና ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልጋል። በውሃ ወይም በስኳር ሽሮፕ የተበረዘ ማር ለዚህ የማይበቃውም ስለዚህ ነው።

ምርመራዎች ምን ያሳያሉ?

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ተመራማሪዎች ሥራ የማኑካንና የየመን ሲድር ማርን በላቦራቶሪ በተዘጋጀ ባዮፊልም ላይ ፈትኖ፣ ሁለቱም ቁስል የሚበክሉ አደገኛ ባክቴሪያዎችን በአብዛኛው እንደ ገደሉ አሳይቷል። ሲድር በአገራችን ቆላማ ቦታዎች የሚበቅለውና ቁርቁራ የምንለው ዛፍ ነው።

ከአገራችን ደግሞ በጎንደር የተካሄደና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የጣዝማ ማርን ከነጭና ከቢጫ የንብ ማር ጋር አወዳድሯል። የጣዝማ ማር በ6.25 ከመቶ መጠን ከተፈተኑት ባክቴሪያዎች 80 ከመቶውን እንዳያድጉ ሲገታ፣ የንብ ማሮቹ በዚሁ መጠን የገቱት 40 ከመቶውን ነበር። ይሁን እንጂ ፈተናው የልቅ ባክቴሪያን እድገት የሚለካ ስለ ነበር፣ ውጤቱ በቀጥታ ለባዮፊልም የሚነገር አይደለም።

ለአናቢና ለነጋዴ የሚሰጥ ምክር

1ኛ/ የማር እንጀራው ዓይኖች በአብዛኛው በሰም ሳይደፈኑ ማር መቁረጥ አይገባም። ያልበሰለ ማር ውሃው ስለሚበዛ ይቦካል። ዓለም አቀፉ ደረጃ የሚፈቅደው የውሃ መጠን ከ20 ከመቶ እንዳይበልጥ ነው።

2ኛ/ ማር መርጋቱ የመበላሸት ወይም የመበረዝ ምልክት አይደለም። ማቅለጥ ካስፈለገ ዕቃውን እንደ ተከደነ፣ እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ፣ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳያልፉ ማቆየት እንጂ በእሳት ላይ መጣድ ኢንዛይሙን ያጠፋል።

3ኛ/ ብርሃንም ኢንዛይሙን ስለሚጎዳ ማሩ በንጹሕና በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። ለማማር ሲባል በሱቅ መስኮት ላይ መደርደሩ ጉዳት አለው።

4ኛ/ ማርን በስኳር መበረዝ ገዢውን ማታለል ብቻ ሳይሆን፣ በሽተኛ ተስፋ ያደረገበትን ነገር ማሳጣት ነው።

ማስጠንቀቂያ

በሐኪም ቤት ለቁስል የሚውለው ማር በጋማ ጨረር ከጀርም የጸዳ ነው። ጨረሩ እንደ እሳት ኃይሉን አያጠፋበትም። ከሱቅ የተገዛ ማር ግን እሳትን ሳይቀር የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ስፖሮች ሊኖሩበት ስለሚችል በተከፈተ ቁስል ላይ መደረግ የለበትም። በዚሁ ምክንያት ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ማቅመስ አደገኛ ነው።

ለወይዘሮዋም የነገርናቸው ይህንኑ ነው። የስኳር በሽተኛ የእግር ቁስል ከዘገየ እግር እስከ ማስቆረጥ ስለሚደርስ፣ እናታቸውን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱ መከርናቸው። ባለሱቁ ደግሞ ሌላውን የረጋ ማር ከምድጃው ዳር አንሥቶ፣ ለብ ያለ ውሃ እንዴት እንደሚዘጋጅ ጠየቀን። በሱቁ ቆመን አሳየነው።