አጥር የማያውቀው ማሳ፦ የላክስተን መንደር ትውውቅ

የእንግሊዝ ገጠር ሲነሣ በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው በቁጥቋጦ አጥር የተሸነሸነ አረንጓዴ መስክ ነው። በመካከለኛው እንግሊዝ ግን ያ አጥር በአብዛኛው የኋላ ዘመን ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ገበሬው በመንደር ተሰብስቦ ይኖር ነበር። መሬቱም በሰፋፊ ማሳዎች ውስጥ በቀጫጭን ቁራጭ ተከፋፍሎ ከጎረቤቶቹ መሬት ጋር ተሰበጣጥሮ ይገኝ ነበር። የትኛው ማሳ ምን እንደሚዘራበት፣ ከብት መቼ እንደሚለቀቅበት የሚወስነው መንደሩ በጋራ ነበር። ይህ ሥርዓት ከነሕጉ ዛሬም ሲሠራ ማየት የፈለገ ሰው ወደ ላክስተን ይሂድ።

ላክስተን በኖቲንግሃምሻየር የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። በስተምዕራቧ በሮቢን ሁድ ተረት ስሙ የገነነው የሸርውድ ደን አለ። ጌጠኛ ጎጆና የድሮ አደባባይ ፈልጎ የመጣ እንግዳ ዞር ዞር ብሎ ቶሎ ሊመለስ ይችላል። ቀይ የጡብ ቤቶች፣ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተሰሜን ደግሞ ኖርማኖች ምሽግ የሠሩበት ትልቅ የአፈር ጉብታ ይታያል። ልብ ያለ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል፤ የገበሬዎቹ ቤትና ጎተራ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። በሌላው አካባቢ መሬቱ ሲታጠር ብዙው ገበሬ ቤቱን ወደ እርሻው መሐል ወስዷል። የላክስተን ገበሬ ግን መሬቱ በየአቅጣጫው ስለተበተነ ከመንደር የሚወጣበት ምክንያት አልነበረውም።

ከቤቶቹ ጀርባ በሚያልፉት የእግር መንገዶች ሲወጡ ዋናው ነገር ይገለጣል። የምዕራብ ማሳ፣ የደቡብ ማሳና የወፍጮ ማሳ የሚባሉ ሦስት ትልልቅ ማሳዎች አሉ፤ በድምሩ ወደ 200 ሄክታር ይጠጋሉ። አዝመራው በፈረቃ ይዞራል። በአንዱ ማሳ ክረምቱን የሚያሳልፍ ስንዴ ይዘራል፣ በሁለተኛው በጸደይ የሚዘራ እንደ ገብስና ባቄላ ያለ ሰብል ይበቅላል፣ ሦስተኛው ያርፋል። ቀድሞ ያረፈው ማሳ ባዶውን ይከርም ነበር፤ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን ለመኖ የሚሆን ተክል ይበቅልበታል። እያንዳንዱ ገበሬ በሦስቱም ማሳ ድርሻ አለው። መሬቱ ሁሉ በአንድ ማሳ ቢሆን ኖሮ በዕረፍቱ ዓመት እጁ ባዶ ይቀር ነበር። መበተኑ ለሙንም ጭንጫውንም ለሁሉ ያዳርሳል። የጥንቱ ቁራጭ መሬት ስፋት እንደኛው ጥማድ በበሬ የአንድ ቀን እርሻ የሚለካ ነበር። ዛሬ የሚያርሰው ትራክተር ነው፤ ቁራጮቹም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተጠቃለው ሰፍተዋል።

በማሳዎቹ መካከል ደግሞ «ሳይክ» የሚባሉ የሣር መሬቶች አሉ። ውሃ ስለሚተኛባቸው ወይም ተዳፋት ስለሆኑ ማረሻ አልነካቸውም። ስለዚህም በሌላው የእርሻ አገር የጠፉ የዱር አበቦች እዚህ ተርፈዋል፤ በተፈጥሮ ጥበቃ ሕግም ተከልለዋል። የሣሩ አጨዳ መብት በየዓመቱ በጨረታ ይሸጣል።

አጥር በሌለበት ድንበርን ምን ይጠብቀዋል? መልሱ «ኮርት ሊት» የሚባለው የመንደሩ ፍርድ ቤት ነው። ከገበሬዎቹ መካከል ለዳኝነት የተመረጡት በኖቬምበር መጨረሻ አዲስ ስንዴ ወደተዘራበት ማሳ ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ማሳ በሦስት ዓመት አንዴ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከቁራጭ ቁራጭ እየተዘዋወሩ ድንበሩን ያያሉ፣ ችካል ይተክላሉ። ማረሻውን ወደ መንገድ ወይም ወደ ሣሩ አሳልፎ የገፋ፣ የውሃ መውረጃ ቦዩን ሳይጠርግ የተወ ስሙ ይያዛል። ከዚያ ምሳ በልተው በቅጣቱ ላይ ይመክራሉ። ከሳምንት በኋላ ፍርድ ቤቱ በመንደሩ መጠጥ ቤት ይሰየማል። የባለርስቱ እንደራሴ ይመራዋል፣ መቀጮው ይጸድቃል፣ የሚቀጥለው ዓመት ዳኞችም ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። መቀጮው ኪስ የሚጎዳ አይደለም፤ የሚከብደው ድንበር መግፋትህን ጎረቤቶችህ ችካል ተክለው ማሳየታቸው ነው። ይህ ለጎብኚ የሚታይ ትርኢት እንዳይመስለን፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሕግ የዚህን ዓይነት ጥንታዊ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሲሽር የላክስተንን ለይቶ አስቀርቶታል።

የብዙዎቹ ሌሎች መንደሮች ማሳ የታጠረው በሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1604 እስከ 1914 ለእንግሊዝ ፓርላማ ከ5 ሺህ በላይ የመሬት ማጠሪያ ረቂቅ ሕጎች ቀርበዋል። የተጠቃለለ መሬት ለባለርስቱ የተሻለ ኪራይ ያስገኝ ነበር፤ ለድሀው ግን ከብቱን የሚያሰማራበት የጋራ ግጦሽ ቀረበት። ላክስተን ውስጥ መሬቱ በተለያዩ ባለቤቶች እጅ ስለነበር መለዋወጡና ማጠቃለሉ አስቸጋሪ ሆነ። እዚህ የተረፈው ሥርዓት ምን ያህል የቆየ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1635 ማርክ ፒርስ የተባለ ቀያሽ ያነሣው ካርታ ይመሰክራል። ካርታው እያንዳንዱን ቁራጭ መሬት ለይቶ ያሳያል፤ ዛሬ በኦክስፎርድ የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በኋላ የማንቨርስ መሳፍንት የርስቱ ዋና ባለቤት ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ርስቱን ለግብርና ሚኒስቴር ሸጡት። በ1981 ወደ ዘውዱ ርስት አስተዳደር ተዛወረ። በ2020 ደግሞ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ወራሽ የሆነው የቶርስቢ ርስት መልሶ ገዛው።

ለመጎብኘት የመግቢያ ትኬት አያስፈልግም። ከመጠጥ ቤቱ አጠገብ ባለው የጎብኚዎች ማዕከል ስለ ሥርዓቱ ጥቂት አንብቦ በእግር መውጣት ይበቃል። አበባውን የሚፈልግ በበጋቸው መጀመሪያ፣ ሣሩ ሳይታጨድ ይሂድ። መሬቱ ከባድ ሸክላ ስለሆነ ዝናብ ከጣለ ቦት ጫማ የግድ ነው።

የላክስተን ቅርስ ግን እንደ ግንብ በጥገና ብቻ የሚቆይ አይደለም። እርሻዎች እየሰፉ የገበሬው ቁጥር በመላው እንግሊዝ እየቀነሰ ነው፤ ላክስተንም ከዚህ አላመለጠችም። ካርታው በቤተ መጻሕፍት፣ ማሳው በባለርስቱ እጅ ሊጠበቅ ይችላል። ኮርት ሊት ግን አርሰው የሚኖሩ፣ እርስ በርስም ለመዳኘት የሚስማሙ ጎረቤቶች ያስፈልጉታል፤ እነዚህ ካለቁ ርስቱ ማን እጅ ቢገባ ሥርዓቱን አያድነውም።