ኮምፒውተር ለማስተካከል ሽቦ ማስረዘም? አዎ፣ እንዲህ ነበር የሚሠራው

ስልካችን ሲንቀራፈፍ ቶሎ የምንለው «ሚሞሪው ሞልቶ ነው» ወይም «ኔትወርኩ ነው» ነው። ከ50 ዓመት በፊት ግዙፎቹን ኮምፒውተሮች ይሠሩ የነበሩ መሐንዲሶች ግን ሌላም ጭንቀት ነበረባቸው፦ የሽቦ ርዝመት። ሽቦው ሳይበጠስ፣ ሳይላላ፣ በትክክለኛው ቦታ ገብቶ እያለ ርዝመቱ ልክ ስላልሆነ ብቻ ማሽኑ የተሳሳተ መልስ ሊሰጥ ይችላል። እንዴት? እስቲ እንየው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፍጥነት ነው። ማብሪያውን ስንጫን አምፖሉ ወዲያው የበራ ይመስለናል። ለዓይናችን ወዲያው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አይደለም። ብርሃን በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ የሚጓዘው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ምልክት ደግሞ ከዚህም ይዘገያል፤ እንደ ሽቦው ዓይነት 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሄድ ነው።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንንና የኮምፒውተር ባለሙያ የነበረችው ግሬስ ሆፐር ይህን ለማስረዳት 30 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ሽቦ እየቆረጠች ለአድማጮቿ ታድል ነበር። በእሷ አነጋገር ያ ሽቦ «ናኖ ሰከንድ» ነው። የሳተላይት መልእክት ለምን እንደሚቆይ ለሚጠይቋት አዛዦችም፣ ከዚህ እስከ ሳተላይቱ ስንት እንዲህ ያለ ሽቦ እንደሚደረደር አስቡት ትላቸው ነበር።

እሺ፣ ይሄ ለኮምፒውተር ምን ችግር አለው?

ኮምፒውተር የሚሠራው በምት ነው። ውስጡ ያለው ሰዓት «ጠቅ» ባለ ቁጥር ዳታ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያልፋል። ይህ ሰዓት እስኪሞላ እንደሚጠብቅ ታክሲ አይደለም፤ እንደ ባቡር ነው። ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ሽቦው ረዝሞ ምልክቱ ከዘገየ ማሽኑ የድሮውን ዳታ ይዞ ይቀጥላል። ሽቦው አጥሮ ምልክቱ ከቀደመ ደግሞ ገና ያልተነበበውን ዳታ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ አንዳንዴ መፍትሔው ሽቦውን ማሳጠር ሳይሆን ማስረዘም ነው። ገራሚ ነው አይደል?

ይህን ትግል በደንብ የሚያሳየን ሲይሞር ክሬይ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሲዲሲ 6600 የሚባለው ማሽኑ የምቱ ርዝመት 100 ናኖ ሰከንድ ነበር። በዘመኑ የዓለማችን ፈጣኑ ኮምፒውተር እሱ ነው፤ ቅርጹም የመደመር ምልክት ይመስላል።

በ1976 ለሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የደረሰው ክሬይ-1 ደግሞ ምቱ 12.5 ናኖ ሰከንድ ብቻ ሆነ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ምልክት በሽቦ የሚጓዘው ቢበዛ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ትራንዚስተሮቹ የሚወስዱት ጊዜ ሲቀነስ ለሽቦው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለዚህ ክሬይ ማሽኑን እንደ ላቲኑ «ሲ» ፊደል አጎበጠው። ክብ ነገር ውስጡ ጠባብ ነው፤ ሽቦዎቹ በውስጥ በኩል ሲያልፉ መንገዱ ያጥራል። ከ4 ጫማ፣ ማለትም ከ1.2 ሜትር ገደማ የሚበልጥ ሽቦ እንዳይኖርም ተደረገ። ዙሪያውን ሶፋ የሚመስለው መቀመጫ ደግሞ የኃይል ማከፋፈያዎቹን ይሸፍናል።

እያንዳንዱ ሽቦ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ የተጠማዘዘ፣ ምልክቱ በሰዓቱ እንዲደርስ ተለክቶ ነበር የሚቆረጠው። በማሽኑ ውስጥ ያለው ሽቦ ሲደመር ወደ 60 ማይል ወይም 96 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከአዲስ አበባ አዳማ ለመድረስ ምንም አይቀረውም! ይህን ሁሉ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ችፕዋ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሠራተኞች አንድ በአንድ በእጃቸው ነበር የሚያገናኙት። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ስለ ክሬይ-1 ሲወራ የሲይሞር ክሬይ ስም ይነሳል፤ የእነሱ ግን ብዙም አይነሳም።

ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ? የጊዜ ስህተት ክፉ ስህተት ስለሆነ ነው። የተበጠሰ ሽቦ ቢያንስ ይታወቃል። የዘገየ ምልክት ግን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይስታል፤ ሙቀት ሲጨምር ብቻ የሚመጣበት ጊዜም አለ። በ1977 የአሜሪካ ብሔራዊ የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ክሬይ-1 ሲገዛ የአየር ጠባይን ሊያሰላበት ነው። እንዲህ ባለ ስሌት የአሁኑ ውጤት ለቀጣዩ መነሻ ስለሚሆን መሐል ላይ የገባች ትንሽ ስህተት እያደገች ትሄዳለች። ማሽኑም «ተሳስቻለሁ» አይልም፤ ቁጥሩን አትሞ ይሰጣችኋል፣ በቃ።

ታሪክ ሆኖ ቀረ ብላችሁ ካሰባችሁ ግን ተሳስታችኋል። የዛሬ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ፣ በፕሮሰሰሩና በሚሞሪው መካከል፣ እንደ እባብ የሚጠማዘዙ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ጌጥ አይደሉም። አጭር የሆነውን መስመር ሆን ብለው አስረዝመው ምልክቶቹ እኩል እንዲደርሱ ያደረጉ ናቸው። ብዙ ስማርት ስልኮች ላይ ደግሞ ሚሞሪው ፕሮሰሰሩ ላይ ተደርቦ ይቀመጣል፤ አንዱ ምክንያት መንገዱ እንዲያጥር ነው።

ስለዚህ ጥገና ቤት የተፈታ ኮምፒውተር ካያችሁ እነዚያን ጥምዝ መስመሮች ፈልጓቸው። የችፕዋ ፎልስ ሴቶች በሽቦ መቁረጫ ይሠሩት የነበረው ሥራ ነው፣ አሁን በመዳብ መስመር ታትሞ።