ኮማዋ ስንት ወንድም እንዳላችሁ ትናገራለች

እንግሊዝኛ ስንማር ስለ ኮማ ብዙዎቻችን የሰማነው ምክር «ትንፋሽ የምትወስዱበት ቦታ ላይ አድርጉ» የሚል ነው። ይህ ምክር ሪሌቲቭ ክሎዝ (ስምን የሚገልጽ ጥገኛ ሐረግ) ላይ ሲደርስ ሰው ያሳስታል። ድርሰት ሳርም ከምንም በላይ ቀይ እስክሪብቶዬን የሚጨርሰው ይኸው ስለሆነ ዛሬ እስቲ ረጋ ብለን እንየው።

እነዚህን ሁለቱን አስተያዩ፦

«ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ጎንደር ኢዝ ኤ ቲቸር።»

«ማይ ብራዘር፣ ሁ ሊቭስ ኢን ጎንደር፣ ኢዝ ኤ ቲቸር።»

ቃላቱ አንድ ናቸው። የመጀመሪያውን የጻፈው ሰው ከአንድ በላይ ወንድም አለው፤ ከመካከላቸው የጎንደሩን ለይቶ እየነገረን ነው። የሁለተኛው ጸሐፊ ወንድም አንድ ብቻ ነው፤ ጎንደር መኖሩን እግረ መንገዱን ጣል አደረገልን። የፊተኛውን ዲፋይኒንግ፣ የኋለኛውን ነን-ዲፋይኒንግ ይሏቸዋል።

እኛ የምንቸገረው አማርኛችን ይህን ምርጫ ስለማያስገድደን ነው። «ጎንደር የሚኖረው ወንድሜ አስተማሪ ነው» ስንል፣ ወንድማችን አንድም ይሁን አምስት አጻጻፉ ያው ነው። ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፤ ነጠላ ሰረዝም አይፈልግም። እንግሊዝኛ ገላጩን ከስሙ ኋላ ያስከትልና «ለይተህ ነው ወይስ ጨምረህ?» ብሎ ጸሐፊውን ያፋጥጣል። መልሱን ደግሞ የሰዋስው መጽሐፍ አይነግራችሁም፤ የወንድሞቻችሁን ብዛት የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ኮማ ከማስገባታችሁ በፊት፣ ገላጩ ቢወጣ አንባቢ «የትኛው?» ብሎ ይጠይቅ እንደሆነ አስቡ። የሚጠይቅ ከሆነ ኮማ የለም። «አበበ ቢቂላ፣ ሁ ዎን ዘ ማራቶን ኢን ሮም ኢን 1960፣ ራን ቤርፉት» ስንል ስሙ ብቻውን ሰውየውን ይለያል፤ ኮማዎቹ ግድ ናቸው። በስሙ ፈንታ «ዘ አትሌት» ብንል ግን ኮማዎቹ ይወጣሉ፤ ያለ ገላጩ የትኛው አትሌት እንደሆነ አይታወቅምና።

ነገሩ በብዙ ቁጥር ሲመጣ ገንዘብ ይነካል። ዓረብ አገር የምትሠሩ፣ ውላችሁ ላይ «ዎርከርስ ሁ ዎርክ ኦን ፍራይዴይ ዊል ቢ ፔይድ ኤክስትራ» የሚል ቢኖር፣ ተጨማሪ የሚከፈለው ዓርብ ለሠራ ብቻ ነው። ከ«ሁ» በፊትና ከ«ፍራይዴይ» በኋላ ኮማ ቢገባ ግን ሠራተኞቹ ሁሉ ዓርብ ይሠራሉ፣ ሁሉም ተጨማሪ ይከፈላቸዋል ማለት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር በችኮላ አትለፉት።

አሁን ወደ ትንፋሹ እንመለስ። «ዘ ዉማን ሁ ሴልስ ኮፊ ኒር ዘ ባስ ስቴሽን ስፒክስ አረቢክ።» እዚህ ሁለት ግሶች አሉ፦ «ሴልስ» እና «ስፒክስ»። ሪሌቲቭ ክሎዙ ከ«ሁ» ይነሳና ዋናው ግስ «ስፒክስ» ደጃፍ ላይ ያበቃል። ስናነብ ትንፋሽ የሚያጥረን እዚያው ስለሆነ ብዙ ተማሪ ከ«ስቴሽን» በኋላ አንዲት ኮማ ያስገባል፤ ባለቤቱን ከግሱ ይለያያል። ይህ ስሕተት ነው። መሐል ላይ ያለ ክሎዝ ወይ ሁለት ኮማ አለው፣ ወይ ምንም የለውም። ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋ ነን-ዲፋይኒንግ ከሆነ ብቻ የሁለተኛዋን ቦታ ፉል ስቶፕ ይይዝላታል።

ስለ «ዛት» እና «ዊች» አጭር ቃል፦ ነን-ዲፋይኒንግ ላይ «ዛት» አትጠቀሙ። በዲፋይኒንግ እንግሊዞች ሁለቱንም ይጽፋሉ፤ የአሜሪካ አርታኢዎች «ዛት»ን ይመርጣሉ። «ዛት» ለዲፋይኒንግ፣ «ዊች» ለነን-ዲፋይኒንግ ቢለይ ይሻላል ብሎ እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ፋውለር በ1926 እ.ኤ.አ. በወጣው መዝገበ ቃላቱ መክሮ ነበር። እኔም ለጀማሪ የአሜሪካኖቹን እመክራለሁ፤ ኮማዋን አብሮ ያስታውሳል።

ለመለየት በጣም የሚያስቸግረው አያያዡ የተዋጠበት ነው፦ «ዘ ቡክ አይ ቦት የስተርዴይ ኢዝ ቶርን።» «ሁ»ም «ዊች»ም የለም። ስም ተጠርቶ ሳያበቃ «አይ»፣ «ሺ»፣ «ዘይ» የመሰለ ሌላ ባለቤት ከተከተለው፣ መሐላቸው «ዛት» አስገብታችሁ አንብቡ። ከገጠመ ሪሌቲቭ ክሎዝ ነው፤ ዲፋይኒንግ ስለሆነም ኮማ አይገባውም።