ሳፋ፣ ሳሙና፣ በረኪና

«ነርስ ነኝ» ያለ ሰው ዛሬ «የምን?» ተብሎ ይጠየቃል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም፤ ነርስ ዛሬ ማዋለጃ ክፍል፣ ነገ መርፌ ክፍል ይመደብ ነበር። አሁን በዲግሪም በማስተርስም የሚቀጥል ተማሪ የቀዶ ሕክምና፣ የድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ የሕፃናት፣ የአእምሮ ሕክምና እያለ ዘርፉን ይለያል።

ወላይታ ሶዶ ላይ ለመምረጥ የሚያነሣሣ ነገር አይጠፋም። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ የከተማው ሰው ግን እስካሁን «ኦቶና» ነው የሚለው። ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ደግሞ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን ያሠለጥናል። መቀስና መርፌ ማቀበል የሚያጓጓው ተማሪ ከዚያው ከከተማው ሳይወጣ ብዙ ያያል።

እኔን ቢጠይቁኝ ግን ዝርዝሩ ላይ ያላየሁትን እጨምር ነበር፤ እግርን።

ወላይታ የፖዶኮኒዮሲስ አገር ነው፤ ሰው «ዝሆኔ» የሚለው። ዝሆኔ ሲባል ብዙ ሰው ትንኝ የምታመጣውን ያስባል። የወላይታው የሚመጣው ከአፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተፈጠረው ቀይ ሸክላ አፈር ብናኙ በባዶ እግር ቆዳ ዘልቆ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል፤ እግሩም ዓመት ከዓመት ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶው ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው እንደታመመ አሳይቷል። በአንድ ማሳ ከሚውሉ ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፍበትን ምክንያትም ሳይንስ ከዚሁ ከወላይታ ሰው ናሙና ወስዶ መርምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት የዘር ተጋላጭነት እንዳለ ጠቁሟል። ዘር አለበት ማለት ግን ከሰው ወደ ሰው ይጋባል ማለት አይደለም። አብሮ በመብላትም፣ አብሮ በመተኛትም አይጋባም፤ ሆኖም ስንት ጋብቻ አስቀርቷል።

ሕክምናው ከመድኃኒት ቤት ይልቅ ከጓዳ ይወጣል። እግሩን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ። ይህች የምትናቅ አሠራር በምሥራቅ ጎጃም በትልቅ ሙከራ ተፈትና፣ እግሩ እየቀላና እየተኮሰ በሽተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም የሚቆይባቸውን ቀናት ቀንሳለች። በዚህ ሥራ ሐኪም ብዙ አያስፈልግም፤ ባለሙያዋ ነርሷ ናት። ፋሻው ከጠበቀ ይጎዳል፣ ከላላ ከንቱ ነው፤ ያንን የሚያስተምረው እጅ ነው እንጂ መጽሐፍ አይደለም።

ተማሪ ለምን አይመርጠውም? ጢጥ ጢጥ የሚል ማሽን የለውማ! ሽታም አለው። ጥቂት ሳምንት የምርጫ ትምህርት ሆኖ ቢሰጥ ግን እዚያው ወላይታ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር ካሉ መንደሮች የሚበልጥ መማሪያ የት ይገኛል? ተማሪዋ ጫማውንም ትማራለች፤ ያበጠ እግር ገበያ ላይ ልኩን አያገኝምና። በወላይታ ለእነዚህ እግሮች በልክ ጫማ የሚሰፉ፣ ራሳቸውም በሽታውን የቀመሱ ጫማ ሠሪዎች ሠልጥነዋል። ልኩን ለመውሰድ እግሩ መጀመሪያ ታጥቦ፣ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ እብጠቱ መጉደል አለበት።