ዘጠኝ ነጥብ

ጀሞ አንድ ስልክ ስጠግን አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። ስልክ ስቀበል ከቀብዱ በፊት የምጠይቀው ፓተርኑን ነበር። ደብተሬ ላይ ዘጠኝ ነጥብ አስቀምጥና ደንበኛው ጣቱን ባስኬደበት መንገድ መስመር እስላለሁ፤ ከጎኑ ስምና ስልክ ቁጥር። እምቢ ያለኝ ሰው አላስታውስም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቆዩ ደንበኛዬ እያለከለኩ መጡ። «ካናዳ ያለችው ልጄ ደውላ ‹እማዬ፣ የትኛው ሆስፒታል ነሽ?› አለችኝ። እኔ ቤቴ ቡና እያፈላሁ!» ቴሌግራማቸው ተጠልፎ ለዘመዱ ሁሉ «ታምሜያለሁ፣ ብር ላኩልኝ» ተብሏል። ነገሩ የጀመረው ማታ ከእድር ጓደኛቸው ስም በመጣ «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» በሚል ሊንክ ነው። የመጣውን ኮድ ያስገባላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፤ አያቱን ማገዙ ነበር።

ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን ስከፍት ሁለት ስልክ ተደርድሯል፤ አንዱ በእጃቸው ያለው፣ ሌላው የማያውቁት። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንዳያስወጣ ይከለክላል። ሳይውሉ ሳያድሩ በመምጣታቸው ሌባውን እኛ ቀድመን አስወጣነው። ከኮዱ ሌላ የሚጠየቅ ሁለተኛ ፓስወርድም አበጀንለት።

«ይኼን ለማንም እንዳይነግሩ፤ ለልጅም፣ ለእኔም» አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። «ለአንተማ ያኔ ስክሪኑን ስትቀይርልኝ ፓተርኑን ሰጥቼህ የለም እንዴ?»

ደብተሩን ገለጥኩ። አለ። ከሁለት ዓመት በፊት የሣልኩት መስመር ዛሬም ስልካቸውን ይከፍታል። ከመስመሩ ጀርባ ቴሌብራቸው፣ የፋይዳ መታወቂያቸው ፎቶ፣ የልጅ ልጃቸው በዩኒፎርም የተነሣው ፎቶ አለ። ገጽ በገጽ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተሰልፈዋል። ሌባ ሱቄን ሰብሮ ቢገባ ከስልኮቹ ይልቅ ደብተሩ ይበጀው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲያዝ፣ ዓላማው ካበቃም እንዳይከርም ይላል። ስሰማው ለባንኮችና ለቴሌ የተጻፈ መስሎኝ ነበር። እኔ ግን ዓላማ እንኳ አልነበረኝም፤ ስክሪን ለመቀየር ፓተርን አያስፈልግም። ንክኪው መሥራቱን ስልኩ ሳይከፈት በድንገተኛ ጥሪው መደወያ ላይ ማየት ይቻላል። የቀረውን ባለቤቱ መጥቶ በገዛ እጁ ከፍቶ ይሞክር። ሲምና ሚሞሪውንም ይዞ ይሂድ። እጠይቅ የነበረው ስለለመድኩ፣ እነሱም ይሰጡኝ የነበረው ስላፈሩ ነው።

ገጾቹን ቀድጄ ጎረቤቴ ባለ ቡናዋ ከሰል ላይ ጨመርኳቸው።

እናትየው ከመሄዳቸው በፊት «በል አዲስ ፓተርን አውጣልኝ» ብለው ስልኩን ዘረጉልኝ። እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። ትንሽ አዩኝና ጀርባቸውን አዙረው፣ ስልኩን በነጠላቸው ከልለው ራሳቸው ሠሩት።