ያልታደነው እባብ፦ «ጎድ ኦፍ ዋር» እና የአርዌ ትረካ

በልደታም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች ባሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚዘወተረው እግር ኳስ ነው። ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ስለሚታሰብ ረጅም ትረካ ያለው ጨዋታ ለቤቱም ለተጫዋቹም አይመችም። ሳንታ ሞኒካ ስቱዲዮ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ያወጣው «ጎድ ኦፍ ዋር» የዚህ ዓይነት ነው። ክሬቶስ ከልጁ ከአትሬየስ ጋር በጥንታዊ ስካንዲኔቪያ አማልክት ምድር እየተጓዘ ጭራቆችን ይገድላል፤ በሚያገኘው ብር መጥረቢያውን ያጠናክራል። ለግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ተጫዋች ከዚህ ሌላ ብዙም አያይም።

የሥራው ብርታት ግን የሚገኘው ለአደን ባልቀረበው አውሬ ላይ ነው። አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባዘጋጀው «ኤዳ» ውስጥ ቶር ምድርን የከበበውን እባብ ዮርሙንጋንድርን በመጨረሻው ጦርነት ይገድላል፤ ሆኖም ዘጠኝ እርምጃ ተራምዶ በመርዙ ይወድቃል። ጨዋታው ይህንኑ እባብ ከሐይቅ ብቅ ብሎ የሚናገርና ክሬቶስን የሚረዳ ፍጡር አድርጎታል።

የአክሱሙ አርዌ በአንጻሩ ይገደላል፤ በጉልበት ግን አይደለም። በሰፊው በሚታወቀው ትረካ አንጋቦ መርዝ ያበላትን ፍየል ለዘንዶው አቅርቦ ይገድለዋል፤ ይነግሣልም። በተርታ ሥዕሎች የሚቀርበው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ለጨዋታ አዘጋጅ ምዕራፎቹ ተከፋፍለው ተቀምጠዋል ማለት ይቻላል። አርዌን ወደ ጨዋታ የሚያመጣ ባለሙያ ደጋግሞ መምታትን የሚሸልመውን ሥርዓት ትቶ መርዙን መፈለግን፣ ፍየሏን ማዘጋጀትን፣ ጊዜ መጠበቅን ጨዋታ ማድረግ ይኖርበታል። ከዚህም የሚከብደው ከዘንዶው ሞት በኋላ የሚመጣው የንግሥና ክፍል ነው፤ የአደን ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርሱም።