የትንሿን ድምፅ ፍለጋ

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታቭ ፌክነር ሚዛን የማያነሣውን ነገር፣ የሰውን ስሜት፣ ለመለካት ቆርጦ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1860 ላይፕሲክ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ዘዴዎቹን ዘረዘረ። አንዱ ለጆሮ ሲውል እንዲህ ነበር፦ ድምፁ ቀስ በቀስ ይቀነስና አድማጩ «ጠፋብኝ» ያለበት ይመዘገባል፤ ከዚያ ከዝምታ ተነሥቶ ይጨመርና «ሰማሁ» ያለበት ይያዛል። ሁለቱ ቁጥሮች መግጠም ነበረባቸው። አልገጠሙም።

ድምፅ ሲቀነስለት የቆየ አድማጭ ከጠፋም በኋላ በልማድ «ሰማሁ» ይል ነበር። ሲጨመርለት ደግሞ አንዳንዱ ገና ሳይመጣ ይቸኩላል። ደፋሩ የጠረጠረውን ሁሉ ሰማሁ ይላል፤ ጠንቃቃው እርግጠኛ ካልሆነ ዝም ይላል። ተመራማሪዎች ታዲያ የተመረጡ ድምፆችን ያለ ቅደም ተከተል ደጋግመው ማሰማትን ሞከሩ። ይህኛው የተሻለ ነበር፤ ነገር ግን ብዙው ጊዜ ጎልቶ በሚሰማና ፈጽሞ በማይሰማ ድምፅ ላይ አለቀ፤ አድማጩም ደከመ። መውጫው የተገኘው ስለ ጆሮ ማንም በማያስብበት ስፍራ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በብሩስተን ላቦራቶሪ፣ ባለሙያዎች ፈንጂን የሚያስነሣው ምት ስንት እንደሆነ ይፈልጉ ነበር። ክብደት ከከፍታ ይለቁበታል። አንዴ የተመታ ናሙና ዳግም ስለማያገለግል እያንዳንዱ ሙከራ ውድ ነበር። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጡ፦ ከፈነዳ ቀጣዩን አንድ ደረጃ ዝቅ፣ ካልፈነዳ አንድ ደረጃ ከፍ። ሙከራው በራሱ ጊዜ ወደ ወሰኑ ተጠግቶ እዚያው ይመላለስ ጀመር። የስታቲስቲክስ ሊቆቹ ዲክሰንና ሙድ ስሌቱን በ1948 አሳተሙት፤ የስሜት ተመራማሪዎችም ይህን የደረጃ ዘዴ ወሰዱት። ይሁንና ፈንጂ ሳይፈነዳ ፈነዳሁ አይልም። ሰውስ?

በ1954 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ታነርና ስዌትስ፣ በማየት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የስሜት ጥራትና የመልስ ድፍረት ተለያይተው ሊለኩ እንደሚችሉ አሳዩ። በጆሮ ጥናትም «ሰማህ?» የሚለው ቀርቶ፣ ሁለት ተከታታይ ጊዜያት ተሰጥተው «ድምፁ በመጀመሪያው ጊዜ ነበር ወይስ በሁለተኛው?» የሚል ጥያቄ እየተለመደ መጣ። አሁን ድፍረት ብቻውን አይጠቅምም፤ መልሱ ወይ ልክ ነው ወይ ስሕተት። ነገር ግን አዲስ እንቅፋት ብቅ አለ። የብሩስተኑ ደንብ የሚያመራው ግማሹ መልስ ልክ ወደሚሆንበት ነጥብ ነው፤ ምንም ሳይሰማ የሚገምት ሰውም ግማሹን ያገኛል!

ተመራማሪው ሃሪ ሌቪት ከባልደረባው ዌዘሪል ጋር በ1965 ያቀረበውን መፍትሔ በ1971 ለድምፅ ተመራማሪዎች አብራርቶ ጻፈ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ልክ ከሆነ ድምፁ ይቀነስ፤ አንድ ጊዜ ከሳተ ይጨመር። ሁለቴ በተከታታይ የመሳካት ዕድል ግማሽ የሚሆነው እያንዳንዱ መልስ 70.7 በመቶ ልክ ሲሆን ነው። ይህ ነጥብ ከግምት የራቀ ነበር። ፍለጋው መሬት ረገጠ።

በሕክምና ክፍል የሚሠራበት የተሻሻለው የሂዩሰንና ዌስትሌክ ዘዴም (መነሻው በ1944 የወጣ) የዚሁ አስተሳሰብ ዘመድ ነው፦ ሲሰማ በ10 ዴሲቤል ዝቅ፣ ሳይሰማ ሲቀር በ5 ከፍ። ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ለምርመራ የሚመጣ ልጅ የመስሚያ መሣሪያው የሚስተካከለው በዚህ መንገድ በሚገኝ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ መሣሪያው ወይ ያንሰዋል ወይ ይጮኽበታል። ስለዚህ ዘዴን በጥንቃቄ መምረጥ ለዚያ ልጅ የሚደረግለት የመጀመሪያው ሕክምና ነው።